የሪሞት መኪናችሁ ሾክ አለቀ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

«ሾኩ ሞቷል፣ አዲስ ከየት ይገኛል?» እዚህ ጅማ ይቺን ጥያቄ ስንት ጊዜ እንደሰማኋት እኔው ነኝ የማውቀው። ሾክ ስንል ጎማው ጉድጓድና ድንጋይ ሲመታ ንዝረቱን የሚያበርደውን ባለ ሞላ ክፍል ነው። ልጆች ይጠይቁኛል። ቀን ሥራ ውለው ማታ ማታ መኪናቸውን የሚነካኩ አባቶችም ይጠይቁኛል። መልሴ ሁሌ አንድ ነው፦ ቆይ፣ መጀመሪያ እንፍታው። አብዛኛውን ጊዜ ያለቀው ሾኩ አይደለማ። ያለቀችው ውስጡ ያለችው፣ ከምስር ፍሬ ብዙም የማትበልጥ ጎሚኒ፣ ክብ የላስቲክ ቀለበት፣ ናት። እሷ ስታልቅ ዘይቱ ይወጣል፣ ዘይቱ በወጣበት አቧራ ይገባል፣ አቧራው ዘንጉን ይፍቀዋል፤ ሾኩ በእውነት የሚሞተው ያኔ ነው። እዚያ ሳይደርስ ማዳን ይቻላል። ብዙ ጊዜ የምጠየቀውን ሰብስቤ ከዚህ በታች ጽፌዋለሁ።

ለመሆኑ ሾኩ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?

ከውጭ የምታዩት ሞላ ነው። በሞላው መሃል ሲሊንደር አለ፣ ፕላስቲክ ወይም አሉሚኒየም፣ ውስጡ ዘይት የተሞላ። ከታች ቀጭን የብረት ዘንግ ይገባበታል፤ የዘንጉ ጫፍ ላይ ትንንሽ ቀዳዳዎች ያሏት ክብ ፕላስቲክ አለች። ፒስተን የምንላት እሷን ነው። ጎማው ድንጋይ ሲመታ ዘንጉ ወደ ላይ ይገፋል፣ ፒስተኗ ዘይቱን ሰንጥቃ ትሄዳለች፣ ዘይቱም በእነዚያ ቀዳዳዎች እየተጨናነቀ ያልፋል። መጨናነቁ ነው ፍሬን የሚሆነው። ሞላው መኪናውን ይሸከማል፣ ዘይቱ ሞላውን ይገራል። ዘይት ከሌለ ሞላው ብቻውን እንደ ኳስ ያነጥራል፤ አንድ ድንጋይ መትቶ ሦስት አራቴ የሚዘል መኪና አይታችሁ ከሆነ ነገሩ ይኼው ነው።

ዘንጉ የሚገባበት የታችኛው አፍ ላይ አንድ ወይም ሁለት ኦሪንግ አለ። ጋራዥ ቤት ጎሚኒ ይሏታል፣ እኔም እንደዚያው እላታለሁ። ከላይ ክዳኑ ሥር ደግሞ ትንሽ ቆብ የመሰለች ስስ ላስቲክ ተቀምጣለች። ዘንጉ ወደ ውስጥ ሲገባ ቦታ ስለሚይዝ ዘይቱ መሄጃ ያጣል፤ ላስቲኳ ታዲያ እየታጠፈች ቦታ ትለቅለታለች። ይቺ ላስቲክ የሌለችባቸው ሾኮችም አሉ፣ እነሱ ውስጥ ሆን ተብሎ ትንሽ አየር ይተዋል።

ማለቁን በምን አውቃለሁ?

በዓይን ጀምሩ። የዘንጉ አፍ አካባቢ ጥቁር ቅባት ነገር ተጋግሮ ካያችሁ ዘይት እየወጣ ነው። ደረቅ አቧራ በጨርቅ ሲጠርጉት ይሄዳል፣ ይኼኛው ግን ጣት ላይ ይጣበቃል። ቀጥሎ መኪናውን ባትሪው እንዳለበት ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል አንስታችሁ ልቀቁት። ሾኩ ደህና ከሆነ ዝቅ ይላል፣ አንዴ ይነሳል፣ ይረጋል። ካነጠረ ዘይት ጎድሏል ማለት ነው።

ከሁሉ የሚታመነው ግን ሾኩን ከመኪናው ፈትቶ፣ ሞላውን አውጥቶ፣ ዘንጉን በእጅ መግፋትና መሳብ ነው። አራቱንም አድርጉት፤ አንዱን ብቻ ከሞከራችሁ ከምን ጋር ታነጻጽሩታላችሁ? ጤነኛው ከላይ እስከ ታች እኩል ይከብዳል። መንገድ ላይ ድንገት የሚቀልበት ቦታ ካለ፣ ወይም ውስጡ ቿ ቿ የሚል ድምፅ ከተሰማችሁ፣ አየር ገብቷል። እንደ አሸዋ የሚፈጭ ነገር ከተሰማችሁ ቆሻሻ ውስጡ ገብቷልና ሳታጸዱት አትንዱት፤ እያንዳንዷ ዙር ዘንጉን ትበላዋለች። ዘንጉን ወደ ጎን ስትነቀንቁት የሚወዛወዝ ከሆነ ደግሞ ጎሚኒዋ ብቻ ሳትሆን እሷን ደግፋ የያዘችው ፕላስቲክም ሰፍታለች።

ሙሉ ሾክ ልግዛ ወይስ ጎሚኒዋን ብቻ?

ይኼን የሚወስነው ዘንጉ ነው። ባለፈው ቅዳሜ አንድ የቆጪ ሰፈር ልጅ መኪናውን ይዞ መጣ፣ የኋላ ሁለቱ ሾኮች ዘይት ያፈሳሉ። ዘንጉን በነጭ ጨርቅ ስንጠርገው ጨርቁ ላይ ቀይ መስመር ወጣ፣ የኳስ ሜዳው አፈር ነው። ከዚያ ልጁ በአውራ ጣቱ ጥፍር ዘንጉን ከታች ወደ ላይ ቀስ ብሎ ጫረው። የግራው ላይ ጥፍሩ እንደ መስታወት ተንሸራተተ። የቀኙ ላይ መሃሉ ጋ ሲደርስ ቅጭ ብሎ ያዘው። በዓይን የማትታይ ጭረት ናት፣ ግን በእሷ በኩል ዘይት ይሾልካል፣ አዲስ ጎሚኒ ብታስገቡም በጥቂት ቀን ትቆርጣታለች። ስለዚህ ለግራው ጎሚኒ ብቻ፣ ለቀኙ ዘንግና ጎሚኒ።

ዘንጉ መጣመሙን ለማወቅ ፈትታችሁ ካወጣችሁት በኋላ መስታወት ላይ አንከባሉት። ቀጥ ያለው ዝም ብሎ ይንከባለላል። የተጣመመው ከሥሩ ብርሃን እያሳየ ከፍ ዝቅ ይላል። የተጣመመ ዘንግ በመዶሻ አቃናለሁ ብላችሁ አትድከሙ፣ በፍጹም እንደ ፊቱ አይሆንም።

ሲሊንደሩ ከተሰነጠቀ ወይም የክዳኑ ጥርስ ከተበላ ያኔ ሙሉውን ግዙ። ስትገዙ ግን ጥንድ ጥንድ ነው፤ የፊት ሁለቱን ወይም የኋላ ሁለቱን። አንዱ አዲስ ሌላው አሮጌ ከሆነ መኪናው ፍሬን ስትይዙ ወደ አንድ ወገን ይጎትታል። ለጎሚኒና ለዘይትም እንደዚያው፣ አንዱን ከፈታችሁ ጓደኛውንም ፍቱት።

ዕቃውን ጅማ ላይ ከየት አገኛለሁ?

በመኪናው ስም የተጻፈበትን የጎሚኒ ፓኬት ብዙ ጊዜ ከውጭ ነው የምናስመጣው። ዱባይ ወይም ቻይና የሚመላለስ ሰው ካላችሁ ለእሱ ቀላል ነው፣ ፓኬቷ ከፖስታ አትከብድም። የሾክ ዘይት ግን ፈሳሽ ስለሆነ በሚጫን ሻንጣ ውስጥ ይሁን በሉት። በእጅ ሻንጣ ከሆነ ጠርሙሱ ከ100 ሚሊ መብለጥ የለበትም፤ የተለመደው ጠርሙስ 60 ሚሊ ገደማ ስለሆነ ያልፋል፣ ብቻ በላስቲክ ይታሰር።

ጎሚኒዋን ብቻ ከሆነ የምትፈልጉት እዚሁም መፍትሔ አለ። እዚሁ ጅማ መርካቶ አካባቢ የባጃጅና የሞተር ሳይክል መለዋወጫ የሚሸጡ ሱቆች ለካርቡሬተር የሚሆኑ ትንንሽ ኦሪንጎች ይኖሯቸዋል። አሮጌዋን ጎሚኒና ዘንጉን ይዛችሁ ሂዱ። 1/10 መጠን ያላቸው (የእውነተኛው መኪና አንድ አሥረኛ የሚያህሉ) መኪኖች ዘንጋቸው ብዙውን ጊዜ 3 ሚሊ ሜትር ነው፣ የ1/8ዎቹ 3.5 ወይም 4። ጎሚኒዋ ዘንጉ ላይ ስትገባ ትንሽ መለጠጥ አለባት፤ እንደ ቀለበት ልቅ ብላ ከወረደች አትረባም፣ በግድ ከሆነ የምትገባው ደግሞ ዘንጉን ታንቀዋለች። የውጭ ስፋቷም ከአሮጌዋ ጋር እኩል ይሁን። እነዚያ ጥቁር ጎሚኒዎች ከሲሊኮን ዘይት ጋር ይስማማሉ። እንደ ፋብሪካዋ ቀይ ወይም ነጭ የሲሊኮን ጎሚኒ ባይለሰልሱም መኪናውን ያስኬዱታል።

የሞተር ዘይት ባደርግበትስ? የፍሬን ዘይትስ?

አታድርጉ። ይኼን የምለው አድርጌው ስላየሁ ነው። የመጀመሪያ ሾኬን የሞላሁት በሞተር ሳይክል ዘይት ነበር። ሁለት ቀን እንደ አዲስ ሄደ፣ ደስ አለኝ። በሳምንቱ ዘንጉ ገብቶ አልመለስ አለ። ፈታሁት። ቀይዋ ጎሚኒ በእጥፍ የሚያህል አብጣለች፤ በሁለት ጣቴ ይዤ ትንሽ ብስባት እንደ ረጠበ እንጀራ ተቆረሰች። ሲሊኮን ላስቲክና የነዳጅ ዘር ዘይት አይስማሙም፣ ላስቲኩ ዘይቱን እየጠጣ ያብጣል። የሞተር ሳይክል የፊት ሹካ ውስጥ የሚገባው ዘይትም አብዛኛው የዚያው ዘር ነው። ቫዝሊንም እንደዚሁ ነው፣ «ትንሽ ላለስልሰው» ብላችሁ ዘንጉ ላይ እንዳትቀቡ።

ሌላም ምክንያት አለ። የሞተር ዘይት ብርድና ሙቀት በጣም ይለውጠዋል። ጠዋት ከቤት ስታወጡት ወፍራም፣ ቀትር ላይ ፀሐይ ሲመታው ቀጭን ይሆናል። የሲሊኮን ዘይት በሙቀት ብዙ አይለወጥም፣ ለዚህ ሥራ የተመረጠውም ለዚሁ ነው።

የፍሬን ዘይት ቀጭን ነው፣ እርጥበት ይስባል፣ ቀለም ያነሳል፤ ቦዲው ላይ ጠብ ካለ ታዝናላችሁ። የምግብ ዘይት ውሎ አድሮ ይጋገራል። ምንም ዘይት ካላገኛችሁ እስክታገኙ መኪናውን አሳርፉት፣ ከዚህ የተሻለ ምክር የለኝም።

ስንት ቁጥር ዘይት ልግዛ?

ቁጥሩ የዘይቱን ውፍረት ነው የሚነግረው፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል ዘይቱ ይወፍራል። መጀመሪያ የመኪናው መመሪያ የሚለውን ግዙ። ለምሳሌ ትራክሳስ ስላሽ የሚባለው መኪና ከፋብሪካው የሚመጣው በባለ 30 ዘይት ነው። ታሚያ የሚባለው መኪና ሠሪ ደግሞ ዘይቱን በራሱ ቁጥር ነው የሚጠራው፣ 400 የሚለው ዘይት የተለመደ መነሻ ነው።

ግራ የሚያጋባው አቆጣጠሩ ሁለት ዓይነት መሆኑ ነው። አንዱ ጠርሙስ ላይ ደብሊው ቲ፣ ሌላው ላይ ሲኤስቲ ይላል። ባለ 30 ደብሊው ቲ በግምት 350 ሲኤስቲ ነው፣ ባለ 40ው 500 አካባቢ። የደብሊው ቲ ቁጥር ከፋብሪካ ፋብሪካ ትንሽ ይለያያል። ስለዚህ ሲኤስቲ የተጻፈበት ካገኛችሁ በእሱ ሂዱ፣ አንዴም ከአንድ ፋብሪካ ከገዛችሁ በዚያው ቀጥሉ።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ይነግራችኋል። ሰፈራችሁ ኮብልስቶን ከሆነና መኪናው የሚሄደው እዚያ ላይ ከሆነ፣ ድንጋዮቹ ቶሎ ቶሎ ስለሚመቱት ቀጠን ያለ ዘይት ይሻለዋል፤ ጎማው ወርዶ ለሚቀጥለው ድንጋይ ይደርሳል። ወፍራም ዘይት ሲሆን ጎማው ከመጀመሪያው ድንጋይ ሳይመለስ ሁለተኛው ይመጣበትና መኪናው በሙሉ ይንቀጠቀጣል። ሜዳ ላይ አፈር ቆልላችሁ የምታዘልሉት ከሆነ ደግሞ ሲያርፍ ሆዱ መሬት እንዳይመታ ወፈር ያለ። አንድ እርምጃ ብቻ ቀይሩ፣ ከ30 ወደ 35፣ ነድታችሁ እዩት፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው።

ምን ምን መሣሪያ ያስፈልገኛል?

ብዙ አይደለም። ለመኪናው ብሎኖች የሚሆን ካቻቪቴ ወይም ባለ ስድስት ማዕዘን አለን ቁልፍ፣ ፒንሳ፣ ከአሮጌ ጫማ የተቆረጠች ቆዳ፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ፣ ሶፍት፣ ስኮች። አንድ ትሪ አምጡና ነጭ ፎጣ አንጥፉበት፤ የሚወድቀው ሁሉ እዚያ ላይ ይታያል። አንድ ንጹሕ ፌስታልም ያዙ፣ ለምን እንደሆነ አሁን እነግራችኋለሁ።

እሺ፣ እንዴት ነው የሚፈታውና የሚቀየረው?

ከመፍታታችሁ በፊት በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ላይኛው ብሎን የትኛው ቀዳዳ ላይ እንደገባ፣ ሞላውን ጫን አድርጎ የሚያጠብቀው የሞላው መጠበቂያ ቀለበት ስንት እንደሆነ፣ ሮንዴላዋ በየት በኩል እንደነበረች። በኋላ ትገላገላላችሁ። ከዚያ ሾኩን በሙሉ በብሩሽ አጽዱት። ሳታጸዱት ከፈታችሁት አቧራውን በእጃችሁ ወደ ውስጥ እያስገባችሁት ነው።

ሾኩን ከመኪናው አውጡ፣ ሞላውን ጨምቃችሁ የታችኛውን መያዣ አንሸራቱና ሞላውን አውጡ። ሾኩን ቀጥ አድርጋችሁ ይዛችሁ ላይኛውን ክዳን ክፈቱ፣ ላስቲኳን አንሱ፣ አሮጌውን ዘይት ሶፍት ላይ አፍሱት። ቀለሙን እዩት። ውሃ የመሰለው ገና ነው። ግራጫ ወይም ጥቁር ከሆነ ሲሊንደሩና ፒስተኗ እየተፋቁ ነው።

አሁን የታችኛው የፕላስቲክ ጆሮ፣ ሾኩ ከታች ከመኪናው ጋር የሚታሰርበት፣ ከዘንጉ መፈታት አለበት። ብዙ ሰው ዘንጉን የሚገድለው እዚህ ነው። ዘንጉን በባዶ ፒንሳ ከያዛችሁት ጥርሱ ጭረት ይጥልበታል፣ ጭረቱ ደግሞ አዲሷን ጎሚኒ ይበላታል። ዘንጉን በቆዳዋ ጠቅልሉ፣ ከጆሮው አጠገብ፣ ሲሊንደሩ ውስጥ የማይገባው የታችኛው ጫፉ ላይ ያዙት፣ ጆሮውን በእጅ አዙራችሁ ፍቱ። እምቢ ካለ ጆሮውን ሙቅ ውሃ ውስጥ ለአንድ ደቂቃ ንከሩት፣ ፕላስቲኩ ይላላል።

ጆሮው ከወጣ ዘንጉን በላይ በኩል ስባችሁ አውጡ። ፒስተኗን መቀየር ከፈለጋችሁ በላቲን ኢ ፊደል የተሠራች ትንሽ የብረት ክሊፕ ናት የያዘቻት። ይቺ ክሊፕ ስትወጣ ትፈናጠራለች። አልጋ ሥር ገብታ በስልክ መብራት ስትፈለግ ያመሸንባቸው ቀናት አሉ። ፌስታሉ ለዚህ ነው፤ ሁለቱን እጃችሁን ዘንጉን እንደያዛችሁ ፌስታሉ ውስጥ አስገቡና እዚያው ውስጥ ፍቷት። ብትፈናጠርም የትም አትሄድም።

የታችኛውን አፍ ክዳን ፍቱና አሮጌዎቹን ጎሚኒዎች አውጡ። አንዳንዱ ሾክ ላይ ክዳኑ ይዞራል፣ አንዳንዱ ላይ በክሊፕ ተይዟል። በመርፌ ወይም በስለት አትቆስቁሱ፣ በጥርስ መፋቂያ እንጨት ግፉት። የሚወጡበትን ቅደም ተከተል በትሪው ላይ በረድፍ አስቀምጡት፦ ክዳን፣ ጎሚኒ፣ ማራራቂያ፣ ጎሚኒ። ሁሉንም በሙቅ ውሃና በፈሳሽ ሳሙና እጠቡ፣ ፍጹም አድርቁ። በቤንዚን አትጠቡ፣ ለላስቲኩም ለፕላስቲኩም አይሆንም።

አዲሶቹን ጎሚኒዎች የሾክ ዘይት ቀብታችሁ በዚያው ቅደም ተከተል አስገቡ። ዘንጉን ከላይ ስታስገቡት መጀመሪያ ጎሚኒዋን የሚያገኛት የብሎን ጥርሱ ነው፣ ያ ጥርስ ደግሞ እንደ መጋዝ ነው። ጥርሱ ላይ ቀጭን ስኮች አንድ ዙር ጠቅልሉ፣ ዘይት ቀቡት፣ እያዞራችሁ ቀስ ብላችሁ አሳልፉት። ከታች ብቅ ሲል ስኮቹን ላጡ። ጆሮውን መልሳችሁ እሰሩ፣ ርዝመቱ ከጓደኛው ሾክ ጋር እኩል መሆኑን ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩ።

ዘይቱን ሞልቼ አየሩ አልወጣ አለኝ፣ ምን ላድርግ?

ቸኩላችኋል። ዘይቱን ስትሞሉ ዘንጉ ወደ ታች ተስቦ ወጥቶ ይሁን፣ ሲሊንደሩ ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው አቁሙ። ከዚያ ዘንጉን ቀስ፣ በጣም ቀስ አድርጋችሁ ወደ ላይና ወደ ታች አንቀሳቅሱ፤ ፒስተኗ ከዘይቱ በላይ እንዳትወጣ፣ ከወጣች ሌላ አየር ይዛ ትመለሳለች። አረፋዎቹ ከፒስተኗ ሥር እየተላቀቁ ሲወጡ ታያላችሁ። ከዚያ ሾኩን ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙትና ተዉት። ቡና አፍሉ። አቦሉ እስኪደርስ አረፋው ሁሉ ላይ ወጥቶ ይፈነዳል።

ዘይቱን አሁን እስከ አፉ ሙሉት። ላስቲኳን በአንድ ጎኗ አስነክታችሁ ቀስ ብላችሁ አስተኟት፣ እንደዚያ ስትሆን ከሥሯ አየር አትይዝም። ትንሽ ዘይት ፈሶ ይወጣል፣ ይውጣ፣ ሶፍት ያዙበት። ክዳኑን ሁለት ሦስት ዙር ብቻ እሰሩ፣ ዘንጉን ቀስ ብላችሁ እስከ መጨረሻው ግፉት፤ ትርፉ ዘይት በክዳኑ ዙሪያ ይወጣል። ከዚያ ክዳኑን አጥብቁ። በእጅ ይበቃል፣ ፒንሳ አያስፈልግም።

ሲያልቅ ዘንጉን እስከ ላይ ግፉና ልቀቁት። እስከ ላይ አልሄድ ካለ ዘይቱ በዝቷል፣ እንደዚያ አትንዱት፣ መኪናው ዘሎ ሲያርፍ ክዳኑ ወይም ጎሚኒዋ ትፈነዳለች። ከተለቀቀ በኋላ ቀስ ብሎ በከፊል መውጣቱ ደህና ነው፤ ባለበት መቆሙም ደህና ነው። ዋናው ግራና ቀኙ አንድ ዓይነት መሆናቸው ነው።

ሁሉንም ቀይሬ አሁንም ያፈሳል።

መጀመሪያ ከየት እንደሚያፈስ እወቁ። በደንብ ጥረጉት፣ ሶፍት ጠቅልላችሁ ሌሊቱን አሳድሩት። ጠዋት ሶፍቱ ከላይ ከረጠበ ክዳኑ ነው፤ ላስቲኳ ተጣጥፋ ወይም ጥርሱ ጠማማ ይዞ ይሆናል። ከታች ከረጠበ ደግሞ ዘንጉን በጥፍራችሁ እንደገና ፈትሹ፤ ዘንጉ ንጹሕ ከሆነ ጎሚኒዋ ስትገባ በጥርሱ ተቆርጣለች። በዘንጉ ላይ ስስ የዘይት ፊልም መታየቱ ግን መፍሰስ አይደለም፣ እንዲያውም ጎሚኒዋን የሚያለሰልሰው እሱ ነው።

ሞላውንም አብሬ ልቀይር?

ካልተሰበረ ወይም ካልተጣመመ አይለወጥም። «መኪናዬ ወደ አንድ ጎን አዘነበለ፣ ሞላው ደከመ» የሚሉኝ ብዙዎች ናቸው። ሞላዎቹን አውጥታችሁ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አቁሟቸው። ቁመታቸው እኩል ከሆነ ጥፋቱ የሞላው አይደለም፣ አንዱ ላይ መጠበቂያ ቀለበት በዝቷል። የፊትና የኋላ ሞላ ግን እንዳይቀላቀልባችሁ፣ ጥንካሬያቸው ይለያያል።

ክረምት ላይ እንዴት ነው የምጠብቀው?

የጅማ ክረምት ለሾክ ከባድ ነው። ቀዩ ጭቃ ዘንጉ ላይ ይለጠፋል፣ ሲደርቅ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሆናል፣ ዘንጉ በገባ በወጣ ቁጥር ጎሚኒዋን ያሻታል። ስለዚህ ከጭቃ እንደተመለሳችሁ፣ ሳይደርቅ፣ ባትሪውን አውጥታችሁ ዘንጎቹን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ። ሌላው ነገ ይታጠባል፣ ዘንጉ ግን ዛሬ።

መኪናውን ላቫጆ ወስዶ በውሃ ግፊት ማሳጠብ የጀመሩ ልጆች አይቻለሁ። እባካችሁ ተዉት። ግፊቱ ውሃና ጭቃን በጎሚኒዋ አልፎ ወደ ውስጥ ያስገባል፤ ለቦል ቤሪንጎቹም አይሆንም፣ ለኤሌክትሮኒክሱ ማ ይናገራል። የጥርስ ብሩሽና አንድ ጆግ ውሃ ይበቃል።

አንድ የምወደው ዘዴ አለ፤ የልጆች ፊኛ። አፉንና ጫፉን ቆርጣችሁ እንደ ካልሲ ከሲሊንደሩ ታች እስከ ዘንጉ ጫፍ አልብሱት። አቧራውንም ጭቃውንም ይከለክላል። በየጊዜው ግን አውልቃችሁ እዩት፣ ከተቀደደ ቆሻሻውን ውስጡ ይዞ ያስቀምጠዋል፣ ያ ደግሞ ከምንም ይብሳል።

አዲስ የመጣልኝ ሾክ ዘንጉን ትንሽ ወደ ውጭ ይገፋል፣ ተበላሽቷል?

ላይሆን ይችላል። ጅማ ከባሕር ጠለል ከ1,700 ሜትር በላይ ናት። ባሕር ጠረፍ አጠገብ ባለ ፋብሪካ የታሸገ ሾክ ውስጡ የቀረ አየር ካለ እዚህ ሲደርስ ይለጠጣል፣ ከውጭ የመጣ የቺፕስ ላስቲክ ተነፍቶ እንደምታዩት ማለት ነው። ክዳኑን አንዴ ከፍታችሁ፣ አየሩን አውጥታችሁ ዝጉት።

የልጄ መኪና ሾክ ዘይት የለውም፣ ይኼስ ይሠራል?

ብዙ ርካሽ መኪኖች ሾካቸው ሞላና ባዶ ፕላስቲክ ነው። ታሚያ ቲቲ-02 እንኳ ከካርቶኑ ሲወጣ ዘይት የሌለው ሾክ ነው ያለው፣ በፍትጊያ ብቻ ነው የሚይዘው። እነዚህን ዘይት ልሙላ ብትሉ ይፈስሳል፣ የሚይዘው ጎሚኒ የለማ። ማጽዳት ብቻ ነው። መኪናው ደህና ከሆነና ልጁ ከወደደው ባለ ዘይት ሾክ አራቱን መግዛት ይቻላል፤ ርዝመቱን ከብሎን ቀዳዳ እስከ ብሎን ቀዳዳ ለክታችሁ እዘዙ።

ልጁ ራሱ ይፍታው ወይ ለሚሉኝም፣ አዎ፣ ይፍታው። አጠገቡ ተቀመጡ፣ ፒንሳውን እናንተ ያዙ፣ ዘይቱን እሱ ይሙላ። አረፋ እስኪወጣ መጠበቅ የሚችል ልጅ ይኼን ሥራ ይችለዋል።

በየስንት ጊዜው ልፍታው?

በየሳምንቱ ቅዳሜ እሑድ የሚነዳ ከሆነ ዘይቱን በየሁለት ሦስት ወሩ፣ ጎሚኒዋን ማፍሰስ ስትጀምር። ብዙ ለማይነዳው ሰው በዓመት ሁለቴ ይበቃዋል፤ አንዴ ግንቦት ላይ ዝናቡ ሳይጠነክር፣ አንዴ መስከረም ላይ ጭቃው ሲደርቅ። አዲስ መኪና ከሆነ ግን ቀኑን አትጠብቁ፣ ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዙሮች በኋላ ክፈቱትና እዩት። ከፋብሪካው ዘይቱ ጎድሎ የሚመጣ አለ።

ቀኑ እንዳይረሳችሁ ሻሲው ሥር ስኮች ለጥፉና የቀየራችሁበትን ቀንና የዘይቱን ቁጥር በእስክሪብቶ ጻፉበት። የእኔው ላይ አሁን የተጻፈው «መስከረም 12፣ ባለ 30፣ የኋላ ቀኝ ዘንግ አዲስ» ይላል።